ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ

ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ የመነኮሰ ኢትዮጵያዊ ነው። ቀድሞ የሽፍቶች አለቃ ነበር። ከመነኮሰ በኋላም የዝሙት ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው፤ ከበዓቱ ወጥቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ኢስድሮስ ሄደና አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸው አልደነገጡም። ከሥጋ ቤት ደጅ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ በቀላሉ እንደማይርቅ፣ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋና የሚጥልለት ካጣ ግን ርቦት ጥሎ እንደሚሄድ በምሳሌ አስረዱት።

ዛሬ ሥጋ ቤቱ የወጣቱ ኪስ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የስልኩ ብርሃን ፊቱ ላይ ያበራል። ሲነጋ ያየውን የወሲብ ምስል ሁሉ ከስልኩ ያጠፋና «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ ይምላል። በሦስተኛው ቀን ያው ነው። እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ያስቀድሳል፣ ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ግን ወደ ኋላ ይላል። የንስሐ አባቱ ፊት ተቀምጦ ጾም መግደፉን፣ ሰው መሳደቡን ይናገርና እቺን ይዘላታል።

የመንፈሳውያን ታላላቆች ምክር ከዚችው ከተዘለለችው ይጀምራል፤ ትነገር። ለንስሐ አባት፣ በወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ ለመጋቢ ወይም ለታመነ የጸሎት ጓደኛ። ቀጥሎ ሥጋ ቤቱ ይዘጋ፦ ስልኩ ሳሎን ይደር፣ ለመቀስቀሻ ተራ ደወል ሰዓት ይበቃል። ፈተናው ሲመጣ የሚደወልለት አንድ ወንድም አስቀድሞ ይታወቅ። የወደቀ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ይመለስ፤ ሳምንት ካደረ ኀፍረቱ በሩን ይቆልፍበታል።

ጾምና ስግደት ትልቅ ኃይል ናቸው፤ ግን በአንድ ሱባኤ ካልተላቀቅሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሙሴ 6 ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ሲጸልይ አድሮም ፈተናው አልለቀቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሊት እየዞረ የአረጋውያን መነኮሳትን እንስራ ከሩቅ ውኃ እያመጣ ይሞላ ጀመር። ብቻውን ከሐሳቡ ጋር ለሚታገል ወጣት ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚደክም እጅ ያስፈልገዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ሰው ሊገታው ያልቻለውን የወሲብ ልማድ ከሕመም ቆጥሮታል። ከእምነት የመጣ ጸጸት ብቻውን ግን በሽተኛ አያሰኝም። ልማዱ ሥራውንና ትዳሩን እያፈረሰበት ማቆም ያቃተውን ሰው ወደ አእምሮ ሐኪም የሚልክ ካህን ጸሎትን አላቃለለም።

የምእመናኑ ጉባኤ ድርሻስ? በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት መነኮሳት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴ ተጠርተው እምቢ አሉ። ሁለተኛ ሲላክባቸው የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልተው ተሸክመው መጡ። ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የራሳቸው ኃጢአት እንዲሁ ከኋላቸው ሳያዩት እየፈሰሰ በሌላው ላይ ሊፈርዱ መምጣታቸውን ተናገሩ። መነኮሳቱ ያን ወንድም አንድም ቃል ሳይናገሩት ማሩት።