ስለ ድኻ ልጅ የትምህርት ዋጋ

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለ ገንዘብ አይቆምም። አስተማሪው ደመወዝ ያሻዋል፤ ጣራውም ሲያፈስ መጠገን አለበት። ስለዚህ ወላጆችን ክፍያ መጠየቅ በደል አይደለም። ነገር ግን መክፈል የማይችል ወላጅ ልጁን ይዞ በደጃችን ሲቆም ምን ልናደርግ ይገባናል?

አንዳንዶች፣ «አድልዎ እንዳይኖር ክፍያው ለሁሉ እኩል ይሁን» ይላሉ። ቃሉ ቅን ይመስላል። ሆኖም አንዱ ከትርፉ ቈንጥሮ የሚከፍለውን ሌላው የእርሻ በሬውን ሸጦ የሚከፍለው ከሆነ፣ ገንዘቡ እኩል ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም። ጌታችንም የመበለቲቱን ስጦታ የመዘነው በሳንቲሙ ብዛት ሳይሆን ለእርስዋ በቀረላት ነው። እንግዲህ እንደ ችግሩ መጠን መርዳት ትክክለኛ ሚዛን እንጂ አድልዎ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ፣ «ያለውም የለኝም እያለ ርዳታውን ያባክነዋል» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በጀርመን አገር በሃለ ከተማ አጠገብ ቄስ የነበረው አውጉስት ሄርማን ፍራንከ ይህን አይቶአል። ለድኾች ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በየሳምንቱ ይሰጣቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ገንዘቡን ተቀብለው ወደ ትምህርት ቤት አልሄዱም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1695 ዓ.ም. በምጽዋት ሣጥኑ 4 ታለርና 16 ግሮሽን ባገኘ ጊዜ በዚሁ ገንዘብ ለድኾች ትምህርት ቤት ጀመረ። 27 መጻሕፍት ገዝቶ ለልጆቹ ቢያድል የተመለሱት 4 ብቻ ነበሩ። እርሱ ግን በሩን አልዘጋም፤ ሌሎች መጻሕፍት ገዝቶ ከትምህርት በኋላ በዚያው እንዲቀመጡ አደረገ። የጐደለው ሥርዐቱ እንደ ሆነ አይቶ ሥርዐቱን አቀና፤ ልጆቹን አላባረረም። በ1727 ዓ.ም. ሲሞት ትምህርት ቤቶቹ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩአቸው።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ርዳታ ያለ አግባብ ቢወሰድ አሰጣጡን እናርም እንጂ በጥቂቶች ጥፋት የእውነተኛውን ችግረኛ ልጅ አንቅጣ። የወላጅን ኑሮ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ያለው ገንዘብ ውሱን ነውና። ነገር ግን ጠያቂዎቹ ጥቂቶችና ምሥጢር ጠባቂዎች ይሁኑ፤ ወላጅ በጉባኤ ፊት ድኽነቱን እንዲናገር አይገደድ፤ የልጁም ስም በክፍል ውስጥ አይጠራ።

ፍራንከ ራሱ የከፋዮቹን የከተማ ልጆች ከድኾቹ ለይቶ በየክፍላቸው አስተምሮአል። እኛ በዚህ ልንከተለው አይገባንም፤ ሁሉም በአንድ ወንበር ይቀመጡ።

ለምኖ መማር በራሱ ነውር አይደለም። ሉተር በአይዘናኽ ተማሪ ሳለ በየደጁ እየዘመረ እንጀራ ለምኖአል፤ የአገራችንም የቆሎ ተማሪ አኰፋዳውን ይዞ በየመንደሩ ዞሮአል። ነውሩ የሚሆነው የሰጠነው እኛ ልጁ ተመጽዋች መሆኑን ሁልጊዜ ስናስታውሰው ነው። የሚችል ወላጅ ከድርሻው ጥቂት ይጨምር፤ የማይችለውም የቻለውን ያህል ይክፈል። ልጁ ግን ስለ ማን እንደ ተከፈለለት ሳይሆን ስለ ፊደሉ ብቻ እያሰበ ይማር። ይህን እንድናደርግ እግዚአብሔር ይርዳን።