ከመቅደስ ጫፍ አለመዝለል

ራስን መንከባከብ የሚባለውን ነገር ብዙ ክርስቲያን በጥርጣሬ ያየዋል፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሐሳቡ ዛሬ ገበያ የሚወጣው ከስፓና ከማሳጅ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ራሱን ክዶ መስቀሉን እንዲሸከም የታዘዘ ሰው ይህን አይቶ ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። ችግሩ ከዚያ ዞሮ የሚሄድበት ነው። እንቅልፍ ማጣትን፣ ሕመም መደበቅን፣ እስኪወድቁ መሥራትን ጽድቅ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ሥጋውን የሚያሞላቅቀውና ሥጋውን የሚያደቅቀው የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሥጋዬ የራሴ ነው፣ የፈለግሁትን ላድርገው ባዮች ናቸው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ግን ሥጋቸው በዋጋ የተገዛ እንጂ የግላቸው እንዳልሆነ ነው። ሰው ለሥጋው ባለአደራ ከሆነ ጥያቄው ምን ይገባኛል ከሚለው ወጥቶ የተሰጠኝን እንዴት ይዤዋለሁ ወደሚለው ይሻገራል።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራልኝ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ነው። ፈታኙ ክርስቶስን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ሲገፋፋው የጠቀሰለት መዝሙረ ዳዊትን ነው፤ መላእክት ጻድቁን እንደሚጠብቁ የሚናገረውን ተስፋ። ክርስቶስ እንዲህ ያለውን ድፍረት አምላክን መፈታተን ነው ብሎ እምቢ አለ። ከጣሪያው ያልተወረወረው ያ ሥጋ በኋላ በቀራንዮ ተሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሥቃዩ መጠን አይለካም። በመስቀሉ ላይ ስጦታውን የሚቀበል ሰው ነበረ፤ ከመቅደሱ ጫፍ መውደቅ ግን ለማንም የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። ራስን መካድ የሚመዘነውም በዚሁ ይመስለኛል። ለልጇ ስትል ያልተኛች እናት ሰጥታለች። መርፌውን ትቶ የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ግን ለማን ምን ሰጠ? ፍትሐ ነገሥት እንኳ ለሕሙማን ከጾም ፈቃድ ይሰጣል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ በአገራችን ታይቷል። ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ከሚወጡ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ምእመናን መካከል መድኃኒቱን ማቋረጥ የእምነት ምልክት የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመኑ እጅ ሰጠች ብሎ የተረጎመው ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን አላነበበም ማለት ነው። ሐኪም እንደሚከበር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ካስተማረ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በራሱ ላይ የጨከነ ሰው ለሌላው ይራራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ መሆኑንም ያው መጽሐፍ ያሳስባል።

ታዲያ ቅዱሳኑስ? አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር በጸሎት እንደቆሙ ገድላቸው ይተርካል። ይህ መቃወሚያ ቀላል አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ይፈታል ብዬም አልሟገትም። ነገር ግን ገድል የሚጻፈው የተነገረለት ነገር ከልማድ የወጣ ስለሆነ ነው። የዘወትሩን ሥርዓት የሚያስተምረን ሌላ ቦታ ነው። ታላቁ ባስልዮስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ለሁሉም አንድ የምግብ ልክ ማውጣት እንደማይቻል፣ የሰውየው ዕድሜ፣ ሥራና አቅም መታየት እንዳለበት ይናገራል። ስለ አባ እንጦንስም እንዲህ ይተረካል፤ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አንድ አዳኝ አይቶ ተሰናከለ። እሳቸውም ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዘዙት፤ ይሰበራል ብሎ እምቢ ሲል፣ የወንድሞች ነገርም እንዲሁ ነው አሉት። የበረሃ አባቶች ልክን የሚያውቁት ከእኛ የበለጠ ስለለጠጡት ነው።

አደራ የሚለው ሐሳብ አሁን ወደማይመች ቦታ ይወስደናል። የኔ ሥጋ የአምላክ ከሆነ የቤት ሠራተኛዬም ሥጋ የአምላክ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበትን ዕረፍት ሲያዝዝ ሎሌውን፣ ገረዲቱን፣ በሬውን፣ አህያውንና መጻተኛውን በዝርዝር ይጠራል፤ ምክንያቱን ሲሰጥም እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ያስታውሰዋል። (ሚስት በዝርዝሩ የለችም። በአባወራው ውስጥ ታስባለች የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ የበዓል ዋዜማ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታመሸውን ያየ ግን ይህን ለማመን ይቸገራል።) እኛ በሰንበት ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለን። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን በማክበራቸው ብዙ ተንገላቱ፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰበሰበው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተቀበለ። ስለ ቀኑ ይህን ያህል ተከራክረናል፤ በቀኑ ማን እንደሚያርፍ ግን እምብዛም አልጠየቅንም። በቤይሩትና በሪያድ ለሚሠሩ እህቶቻችን የሳምንት ዕረፍት ተነፈጋቸው ብለን እንቆጣለን፣ ተገቢም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቅዳሴ ተመልሰን የምንበላውን ያበሰለችው ልጅ ግን ያን ቀን የት ነበረች? በሌላ ሰው ድካም የተገዛ ዕረፍት ዘዳግም ያዘዘው አይመስለኝም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የደላው ሰው ወሬ ነው የሚለው ነው። አልጋ ላይ የዋለ አባቷን ለብቻዋ የምታስታምም ሴት እረፊ ቢሏት ቀልድ ይሆንባታል። እውነት ነው፤ ምክር ብቻ ከሆነ ቀልድ ነው። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልመከረውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገና እንዲተኛ ተወው፣ ቀስቅሶም ደግሞ አበላው። ምን ታደርጋለህ ተብሎ የተጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። ቀጥሎም የሚተካው ኤልሳዕ ተሰጠው። የዚያች ሴት መልስም ከራሷ ብርታት አይመጣም፣ ከጎረቤት ነው። ዕድራችን አባቷ የሞቱ ዕለት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ የሚያመሽ ሰው በተራ ይመድባል። ያንኑ ተራ አባቷ በሕይወት ሳሉ በሳምንት አንድ ሌሊት ቢያወጣላት የሚጠይቀው አዲስ መዋጮ የለም፤ ስሟ በዝርዝሩ እንዲገባ አንድ ሰው በስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት አለበት።