የእቴጌይቱ ቀሚስ

ባለፈው ሰሞን ለእህቴ ልጅ ሠርግ የሚሆን ልብስ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። አንዲት ሻጭ ከፊቴ የቆመችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ "የኔ እናት፣ ባንቺ ልክ የለም፤ ዝም ብለሽ አትድከሚ" አለቻት። ሴትየዋ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። "ውይ፣ ቲቸር!" አለችኝ። ከተያየን ሃያ ዓመት ያልፈናል። መልኳን ለመለየት ትንሽ ቸገረኝ፤ ድምፅዋን ግን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ያንን ድምፅ ልረሳ አልችልም፤ ዕዳ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. በማስተምርበት ኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ዓድዋ አንድ ቴአትር ጻፉ። እኔም የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና አዘጋጅ ተባልኩ። እቴጌ ጣይቱን ሆነው ለመጫወት ስምንት ልጆች ተፈተኑ። ሰባቱ አነበቡ፤ ይህችኛዋ ተናገረች። ጉዳዩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። የተዋስነው የእቴጌ ቀሚስ አንድ ብቻ ነበርና፣ ስትለብሰው ጀርባው አልገጥም አለ። አንዱ መርፌ ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ሌላው "ካባ ይደረብበትና ይሸፈን" አለ፤ ሦስተኛው ሳቀ። ሳቁ ነው የጨረሰን። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ለጊዜው ደንገጡሯን ሁኚ" አልኳት። የደንገጡሯ ልብስ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ነዋ! ማንንም ይበቃል። ቀሚሱ ልክ የሆናት ልጅ እቴጌ ሆነች። መቼም እውነት ለመናገር አምሮባት ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቶ ሦስተኛውን ረድፍ አያልፍም።

የሚያስቀኝም የሚያሳፍረኝም ግን ይህ ነው። እቴጌ ጣይቱን በፎቶግራፍ የምናያቸው ደርባባ፣ ሞላ ያሉ ሴት ሆነው ነው። እንግዲህ እኛ እቴጌይቱን የምትመስለውን ልጅ፣ ራሳቸውን እቴጌይቱን በማያስገባ ቀሚስ የተነሣ ሻርናት ማለት ነው። እሳቸው ከመቃብር ተነሥተው ለፈተና ቢቀርቡ ኖሮ ደንገጡር ማድረጋችን አይቀርም ነበር።

"ልብሱ ጠበበኝ" እና "ወፈርኩ" አንድ ነገር አይደሉም። በመጀመሪያው ጥፋተኛው ጨርቁ ነው፤ በሁለተኛው እኔ ነኝ። ከገጠር የመጣ ዘመድ "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ሲል ምስጋናም ምርቃትም የነበረበትን ጊዜ የኔ ዘመን ሰው ያስታውሳል። ዛሬ እንዲያ ያለ እንግዳ ምሳውን በሰላም መብላቱን እጠራጠራለሁ። በመካከል ምን ተፈጠረ? ብዙ ነገር ተፈጥሯል፤ አንዱ ግን የልብስ ነገር ነው። ጋቢና ኩታ የሰውነት ቁጥር አይጠይቁም። የሰፈር ልብስ ሰፊም በረንዳው ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይጠብቀን ነበር፤ የሚለካው እኛን ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ሲመጣ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ እኛ በልብሱ እንለካ ጀመር።

ያ ቁጥር ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት (አዎ፣ ግብርና!) ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ። ነጭ ያልሆኑት ቢለኩም መረጃቸው ከስሌቱ ወጣ። በዚህ ልኬት ላይ የተመሠረተው የልብስ ቁጥር ደረጃ በ1958 ወጥቶ በ1983 ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው የመሰለውን ቁጥር ይለጥፋል። እዚህ ልብስ መሞከሪያ መጋረጃ ውስጥ ቆማ የምታለቅስ ልጅ ታዲያ የምታለቅሰው እሷን ሊለካ ጭራሽ ባላሰበ ሜትር ነው።

"ጤናስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ጤናውን ለሐኪም እተዋለሁ። ሐኪሙም ቢሆን ሰው እስኪከሳ ራቁቱን ይቆይ ሲል አልሰማሁም።

ለዓመታት የሼክስፒርን የዊንድሰር ሴቶች ኮሜዲ አስተምሬያለሁ። ፎልስታፍ የተባለው ዘርጣጣ ባላባት ከሰው ሚስት ቤት እንዳለ ባል ይመጣበታል። ሴቶቹ የሴት ልብስ አልብሰው ሊያሾልኩት ያስባሉ፤ ግን ያንን ሆድ የሚችል ቀሚስ ከየት ይምጣ? የገረዲቱ አክስት፣ የብሬንትፎርዷ ወፍራም ሴት፣ ለካ ፎቅ ላይ ቀሚስ አላት! ልክክ ይልለታል። ባልየው የሚጠላት አክስት መስላው በዱላ ይቀጠቅጠዋል፤ ተመልካቹ ይፈርሳል። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ስቄያለሁ። ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር ሴትየዋ ራሷ አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አለመውጣቷን ነው። የሚወጣው ቀሚሷ ነው፤ ዱላውም በስሟ ይወርዳል። ሆኖም ይቺ መሳቂያ ሴት በልኳ የተሰፋ ቀሚስ ነበራት። የእኛዋ እሱንም አላገኘችም።

ከሽሮ ሜዳ ወጥተን እሷ የምታውቃቸው አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ክንዷን እንድታነሣ፣ ቀጥሎ እንድትቀመጥ፣ ቀጥሎ እንድታጎነብስ አደረጓት። ቁጥሩን ድምፅ ሳያሰሙ ወረቀት ላይ ጻፉ። "ሰው ሲሞላ ትከሻው አይረዝምም" አሉኝ ወደኔ ዞረው፤ "እነዚህ ሁሉንም እኩል ያሰፉትና ሆዱ ሲበቃ ትከሻው ክንድ ላይ ይወርዳል።" እኔም ልቤ ስለማያርፍ፣ "ጋሼ፣ ጀርባው አልገጥም ያለ የቴአትር ቀሚስ ቢመጣልዎ ምን ያደርጉታል?" አልኳቸው።

"ጎንና ጎኑን መተርተር፣ የሚመስል ጨርቅ ማስገባት፣ መልሶ መስፋት። ከጠዋት ካመጣኸው ከሰዓት ትወስደዋለህ።"

ግማሽ ቀን። እኛ ለትርኢቱ ሦስት ሳምንት ነበረን።

ቡና ስንጠጣ ይቅርታ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም፤ ስኒውን አስቀምጣ ፈገግ አለች። "ቲቸር፣ ያኔ እኮ ከኋላዋ ቆሜ ቃሉን ስትረሳ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። አልሰሙም?"

አልሰማሁም ነበር።