ሌባሻይና ላቦራቶሪ

አራዳ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን ሌባ አንዳንዴ የሚፈለገው በሌባሻይ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ይለቀቅ ነበር፤ የገባበት ቤት ባለቤት ዕዳ ይጫንበት ነበር። ልጁን መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው አልነበረም።

ፍርድ ቤት የሚመሰክረውን የፈንጂ ባለሙያስ ማን ይጠይቀዋል?

በ1974 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። ኬሚስቱ ፍራንክ ስኩዝ ከተከሳሾች አንዳንዶቹ ፈንጂ ስለመንካታቸው 99 በመቶ እርግጠኛ ነኝ አለ፤ ስድስት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በኋላ የመጫወቻ ካርታ ልባስም ያንኑ የምርመራ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ታወቀ። ስድስቱም በ1991 እ.ኤ.አ. ተፈቱ።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ቦምብ ሲፈነዳ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያዎች ምርመራውን ሊያግዙ መጡ። ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ ግርማ አለው፤ ግርማ ግን ማስረጃ አይደለም። ባለሙያው ያገኘውን ቅሪት ከፈንጂ ሌላ ምን ሊተው ይችላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይሻል፤ ባለሙያው ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቆማል፣ ተከሳሹም ሌላ ኬሚስት የሚጠራበት ገንዘብ የለውም።