በባልንጀራ አለማወቅ ስለሚገኝ ትርፍ

ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። አራሽ ከምድር፥ ሸማኔ ከጥጥ፥ ነጋዴ ከገበያ፥ ጸሓፊ ከብርዑ ይተዳደራል። በዛሬ ዘመን ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋራ የማይቈጠር ሌላ መተዳደሪያ ተገኝቷል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፥ ፊቱን ከማያውቁት ሰው ጋራ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር በኢንተርኔት መጫወት ነው። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁት፥ ጨዋታው ወደ ፊት ምን ያህል ይከብዳል? ትርፉስ ይቀጥላልን? እያሉ ነው። ጥያቄው የገንዘብ ይመስላል፤ ጠልቀው ቢመለከቱት ግን የሕሊና ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ የጨዋታውን ሥራ መግለጥ ያስፈልጋል። ካርታው 52 ነው። እጅግ በተስፋፋው ዓይነት፥ ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው፥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ሁሉ እያየው በመካከል ይገለጣል። ተጫዋቾቹ በየተራቸው ገንዘብ ያስይዛሉ፤ የተሻለ ካርታ የያዘው፥ ወይም የሌለውን እንዳለው አስመስሎ ሌሎቹን በማስፈራራት ከጨዋታው ያስወጣው፥ የተያዘውን ገንዘብ ሁሉ ይወስዳል። የአንድ ሌሊት ዕድል ለማንም ሊያደላ ይችላል፤ ጨዋታው ብዙ ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም ግን ዕድል ለሁሉ እየተካከለ ይሄዳልና ብልሃት ያለው ያሸንፋል። ፖከር ከሎተሪ የሚለየው በዚህ ነው። አጫዋቹ ኩባንያ ግን፥ ማንም ቢያሸንፍ ማንም ቢሸነፍ፥ ከመቶው ጥቂት እጅ እየቀነሰ ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ ተሸናፊዎች ያጡት ገንዘብ ሁልጊዜ አሸናፊዎች ካገኙት ይበልጣል።

በኢንተርኔት በእውነተኛ ገንዘብ ፖከር መጫወት የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ከ100 ዶላር በታች ከፍሎ በኢንተርኔት በተጫወተው ጨዋታ ወደ ላስ ቬጋስ ውድድር የመግባት መብት አገኘ፤ በዚያም 839 ሰዎች የተወዳደሩበትን አሸንፎ 2,500,000 ዶላር ወሰደ። ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ ጨዋታውን የማያውቅ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ገባ። በዚያን ጊዜ ጥቂት ሒሳብ የተማረና ቍጣውን የሚገዛ ሰው በቀላሉ ያተርፍ ነበር። ትርፉ ከየት መጣ ቢሉ፥ ካልተማሩት ኪስ ነው።

ነገር ግን ዕውቀት ተሸሽጎ አይኖርም። መጻሕፍት ተጻፉ፥ አስተማሪዎችም ተነሡ። በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ዋናዎቹን ኩባንያዎች በከሰሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ አሜሪካውያን ተጫዋቾች ከገበታው ተለዩ። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተር ራሱ ተጫዋች ሆነ። በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሁለት ሰዎች ብቻ በተወሰነ ገንዘብ የሚጫወቱትን ዓይነት ከሞላ ጎደል እስከ ፍጻሜው ፈቱት። በ2017 ሊብራተስ የተባለው የካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሥራ፥ የገንዘቡ ልክ ባልተወሰነው ጨዋታ አራት የታወቁ ባለሙያዎችን በ20 ቀን ውስጥ 120,000 ጊዜ ገጥሞ አሸነፋቸው። በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ስድስት ሆነው በሚቀመጡበት ገበታ ባለሙያዎቹን በለጣቸው። ዛሬ ማንም ሰው ለጥናት የሚሆን የሒሳብ ፕሮግራም ገዝቶ በየትኛው ካርታ ምን ማድረግ እንደሚገባ ሊማር ይችላል። በጨዋታው ሰዓት የኮምፒዩተር ረዳት መያዝን ኩባንያዎቹ ይከለክላሉ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ በሩቅ ቤት ያለ ስለ ሆነ ተከልካዩን ሁሉ መያዝ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ይህ ነው፤ ጨዋታው እየከበደ ይሄዳል፥ ትርፉም እየቀጠነ ይሄዳል። ሁሉም ተጫዋች በብልሃት እኩል የሆነ ቀን አንዱ ከአንዱ የሚወስደው አይኖርም፤ የሁሉም ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ወደ አጫዋቹ ኩባንያ ይፈስሳል። እስከዚያ ድረስ ብልሆቹ ምን ያደርጋሉ? ብልህ ከብልህ ይሸሻል። ቁማርተኞቹ በመካከላቸው ደካማውን ተጫዋች «ዓሣ» ብለው ይጠሩታል፤ ከብልሃታቸውም ሁሉ ዋነኛው ዓሣው የተቀመጠበትን ገበታ መምረጥ ነው። ይህስ ዓሣ ማን ነው? ትላንት የጠፋበትን ዛሬ ለማስመለስ የሚቸኵል፥ በድካም ወይም በመጠጥ የሚጫወት፥ ተው ቢሉት መተው የማይችል ሰው ነው። ጥቂት ዐውቆ የሚጫወተው ተስፋ ቈርጦ ሲሄድ ይህ ሰው ግን ይቀራል። ስለዚህ ጨዋታው በከበደ መጠን፥ የብልሁ እንጀራ መተው በማይችለው ሰው ላይ አብዝቶ ይንጠለጠላል።

ቁማርተኛው ግን የሚመልሰው አያጣም። «እኔ ማንንም አልሰረቅሁም፤ በፈቃዱ መጣ፥ ሕጉን ዐውቆ ተቀመጠ። ነጋዴስ ዋጋ በማወቁ አያተርፍምን?» ይላል። የዚህ ሰው ትዕግሥትና ትጋት ሊናቅ አይገባም፤ ሒሳቡን ለማጥናትና ቍጣውን ለመግዛት ብዙ ደክሟልና። ለወዳጅነት በትንሽ ገንዘብ የሚጫወቱትም የደስታቸውን ዋጋ ከፈሉ ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ንጽጽሩ አይጸናም። ከነጋዴ ጨው የገዛ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ጨው ይዞ ይገባል፤ ዋጋውን ሁለቱም ቢያውቁ ገበያው ይቀናል እንጂ አይፈርስም። በገበታው የተሸነፈው ሰው ግን ምን ይዞ ይገባል? ፈቃዱስ ቢሆን፥ መተው የማይችል ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

ስለዚህ ሙያ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዘን፤ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ምን ይሆናል? አራሽ ሁሉ ቢራቀቅ እህል ይበዛል። ሐኪም ሁሉ ቢያውቅ በሽተኛ ይድናል። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩ ቢበልጠው ይከበርበታል። ባለቅኔም ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ ባገኘውም ጊዜ ሁለቱም ይደሰታሉ፥ አንዱም አይከስርም። ቁማርተኛው ግን ካርታውን የሚሸፍነው ሌላው ፈጽሞ እንዳያገኘው ነው፤ ሌላው ማግኘት በቻለ ቀን የባለካርታው መተዳደሪያ ይጠፋል። ሁለቱም መሸፈን ነው፤ ነገር ግን አንዱ ያስተምራል፥ ሌላው ያራቍታል።

ባልንጀራው ሳይማር እንዲቀር መመኘት ግድ የሚሆንበት ሰው፥ ምንም እንኳ እጁ ከስርቆት ንጹሕ ቢሆን፥ ምኞቱ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ወደዚህ መተዳደሪያ ለመግባት የሚያስብ ጐልማሳ ትርፉ ይቀጥላልን ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ትርፉ እንዲቀጥል ማን ሳያውቅ መቅረት አለበት? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ያ ሰው ወንድሙ ቢሆን ምን ይመልሳል?