ቅዳሜሽን ለእንቅልፍ አትስጪ

ልጄ፣ እናትሽ ትናንት ማታ ደውላ «ምን ይዛ ትምጣ? ምንስ ብትጠነቀቅ ይሻላል?» አለችኝ። በስልክ ብጀምረው የሚያልቅ አልመስል ቢለኝ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ቶኪዮ ከገባሁ 30 ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም። ይህን ያህል ኖሬ ለአንቺ የሚሆን ነገር ካልነገርኩሽ አክስትነቴ ምኑ ላይ ነው?

ሰው ሁሉ ቋንቋው ይከብዳል፣ ኑሮው ውድ ነው፣ ምግቡ ጥሬ ዓሣ ነው እያለ ያስፈራራሻል። ቋንቋው ይለመዳል፤ ምግቡም ይለመዳል። እኔ የምፈራልሽ ቅዳሜና እሑድን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርቱ ይዞሽ ይነጉዳል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስልክ አይጮኽም፣ በር አይንኳኳም። እኛ አገር ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ «ቤቶች!» ብሎ ይገባል። እዚህ ጎረቤት ሳይጠሩት አይመጣም፤ እንዳያስቸግርሽ ይጠነቀቃል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ጥላቻ መስሎኝ ብዙ አልቅሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹን የብርድ ወራት አልረሳቸውም። ካፁሺካ በሚባለው የቶኪዮ ወረዳ አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ዓርብ ማታ ከሥራ እመለስና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እስከ ሰኞ እተኛለሁ፤ ደክሞኛል እላለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ሰላምታ ልሰጥ አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ አልወጣ አለኝ። ለካ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያን ቀን ደነገጥኩ።

አጠገቤ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ጃፓናዊት ነበሩ። ድምፄን ሰምተው ምንም አላሉኝም። ዓርብ ሲደርስ ግን «ነገ ተራራ እንሂድ» አሉኝ። ከሺንጁኩ ጣቢያ የኬዮ መስመር ባቡር ይዘን ወደ ታካዎ ተራራ ሄድን፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። መንገድ ላይ ባቡሩ ቶቢታኪዩ የሚባል ጣቢያ ሲያልፍ ሴትዮዋ በመስኮቱ እያመለከቱ «አበበ!» አሉኝ። ያን ጊዜ ጃፓንኛዬ ደካማ ስለነበር በእጃቸውም በእግራቸውም አስረዱኝ። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን ሲሮጥ መመለሻው እዚያ ሰፈር ነበር። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀበት ቀን ነው። እሳቸው ወጣት ሳሉ ከመንገዱ ዳር ቆመው አይተውታል። በሁለት ጣታቸው ጭናቸው ላይ ሩጫውን ሠርተው አሳዩኝ፤ ፊቱ እንዳልተለወጠ፣ እስትንፋሱ እንዳልተሰማ። እኔ ለካስ ከማላውቀው ሰው ጋር አልነበርኩም። ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት ስትይ ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ ሁሉ ይህን ስም ይጠራልሻል፤ ኩሪበት።

ታካዎ ቁመቱ 599 ሜትር ነው። ለደጋ ሰው ተራራ ለማለት ያስቸግራል። ግን ስንወጣ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በባቡሩ ውስጥ ቀና ብሎ ያላየኝ ሕዝብ ተራራው ላይ ሲደርስ ይለወጣል። የሚወርደው ሁሉ ለሚወጣው «ኮንኒቺዋ!» ይላል። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ የትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ እያለፉ፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ለሴትዮዋ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ ቆሞ ወደ ላይ እያየኝ ደገመልኝ። መለስኩለት። ጫፉ እስክንደርስ አንድ መቶ ጊዜ ሳልል አልቀርም፤ ድምፄም ተከፈተ። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ፉጂ ተራራ ነጭ ነጠላውን ለብሶ ታየን። ታዲያ ብቸኝነት ሲጠናብሽ ሰው ወዳለበት ገበያ አትሩጪ፤ ገበያው ውስጥ ማንም አያናግርሽም። ተራራ ውጪ። የሰዉ ሰላምታ ያለው እዚያ ነው።

ጫፉ ላይ ሶባ በላን፤ ባክዊት ከሚባል እህል የሚሠራ ቀጭን የፓስታ ዓይነት ነው፤ ላዩ ላይ የተፈጨ የሚዝለገለግ ሥር ያደርጉበታል። ጾመ ነቢያት ነበርና ሥጋም ቅቤም የለውም ብዬ ደስ ብሎኝ ጨረስኩት። ከወራት በኋላ ነው መረቁ ከዓሣ መሆኑን የሰማሁት። ይህን ልብ በይ፣ ምክንያቱም የምትመጪው በሁዳዴ ነው። የጃፓን ወጥ ቤት መሠረቱ ዳሺ የሚባል መረቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ካፁኦቡሺ ከሚባል፣ እንደ እንጨት እስኪጠነክር ደርቆ ከሚፋቅ ዓሣ ነው። ሾርባው፣ ወጡ፣ የአትክልቱ ቅቅል፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ የሚነከርበት ሳይቀር ዓሣ አለበት። «ሥጋ የለውም ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ በቅንነት «የለውም» ይሉሻል፤ ዓሣውን ማንም ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ዳሺው ከምንድን ነው?» በይ። ኮንቡ ካሉሽ የባሕር ቅጠል ነውና ብይ። ዳቦውም ብዙ ጊዜ ወተት አለበት፤ የካሪ ቅመም ተብሎ በካርቶን የሚሸጠው ውስጥ የከብት ስብ ይገባል፤ ጀርባውን ሳታነቢ አትግዢ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምርሽ ሰው አታገኚም፤ እኔም ለማወቅ ዓመት ፈጀብኝ።

ደግሞ የሚያስደስትሽን ልንገርሽ። እነሱም ጾመኛ አላቸው። የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ምግብ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ መረቁ ከኮንቡና ከእንጉዳይ ነው። ያው ታካዎ ላይ ያኩዎ-ኢን የሚባለው ገዳም ቀድሞ ለያዘ ሰው ያቀርባል። በትናንሽ ሳሕን ተደርድሮ ሲመጣ የበያይነቱን ትሪ አስታወሰኝ፤ ቀለሙ፣ ቅመሱልኝ የሚለው ብዛቱ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ግን የጾም ወጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ሰው እጅ መሆኑን ታውቂዋለሽ።

እናትሽ የእንጀራ ምጣድ ላሲዛት እያለች ነው። ተይው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፤ ለ220 የተሠራ ምጣድ እዚህ ሲሰካ ጉልበቱ ወደ አምስት እጅ አንዱ ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቅብሻል። በማይጣበቅ መጥበሻ በጋዝ ላይ ትጋግሪያለሽ። ጤፍ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። እኛ የሩዝ ዱቄትና ስንዴ እየደባለቅን እንጋግራለን። ጭንቁ ሊጡ ነው። በብርዱ ወራት ቤቱ ቀዝቃዛ ነውና ሳምንት ብትጠብቂው አይነሣም። እኔ ኮታፁ ሥር አስገባዋለሁ፤ ኮታፁ ማለት ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የሚለብስ አጭር ጠረጴዛ ነው። ሰው እግሩን የሚያሞቅበት ቦታ ላይ ሊጤን በጨርቅ ሸፍኜ አስተኛዋለሁ፤ ጠዋት አረፋው ገንፍሎ አገኘዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱና ወበቁ አንድ ቀን ሳይሞላው ያኮመጥጠዋል።

ቡናን በሚመለከት አንድ ነገር ደርሶብኛል። አዲስ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ቡና እየቆላሁ ጭሱ ጣሪያውን ነካ። ጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ «ካጂ ዴስ! ካጂ ዴስ!» እያለ መጮኽ ጀመረ፤ እሳት ነው ማለቱ ነው። በሩን ስከፍት ጎረቤቶቼ ወጥተዋል፤ ከታች ያሉት ሽማግሌ የእሳት ማጥፊያ ታቅፈዋል። እኔ የቡና መቁያውን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ለመንኩ። ሽማግሌው ፍሬውን አዩት፣ አሸተቱትና «ሞካ?» አሉኝ። ጃፓኖች የኛን ቡና በዚህ ስም ነው የሚያውቁት። ያን ቀን አፍልቼ በየበሩ በትሪ አዞርኩ። አንደኛው ስኒ ታጥቦ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከሁለት ብርቱካን ጋር ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው እስኪያርፉ ድረስ እሑድ እሑድ ቡናችንን አብረን ጠጥተናል። አንቺ ግን ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ከፍተሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቁዪ። በረንዳ ላይ አትቁዪ፤ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ ይሆናል። እጣንም ቆንጠር ነው። ገና ስትገቢ ደግሞ ከጎንና ከታች ያሉትን በር አንኳኪ፤ ስምሽን ንገሪያቸው፤ ትንሽ ስጦታ ያዢ። እዚህ አዲስ ገቢው ነው ቀድሞ የሚሄደው።

የወረቀቱ ጉዳይ ቀላል ነው። የመኖሪያ ካርድሽን ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ይሰጡሻል፤ ቤት በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አድራሻሽን አስመዝግቢ። የዚያኑ ዕለት የጤና መድኅን ውስጥ ግቢ፤ ስትታከሚ የምትከፍይው ከመቶ 30 ብቻ ይሆናል። ቆሻሻ በየዓይነቱ ለይተሽ፣ በቀኑ፣ በጠዋቱ ነው የሚወጣው። ሽርሽር ስትወጪም ፌስታል ያዢ፤ መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ እምብዛም የለም፣ ሰው ቆሻሻውን ወደ ቤቱ ይዞ ይመለሳል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ እናትሽ እንዳትሰማ ቀስ ብለሽ አንብቢው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ሲሆን ሺንጁኩ ነበርኩ። ሕንፃዎቹ እንደ ሸምበቆ ተወዛወዙ። ባቡር ሁሉ ቆመ። እስከ ካፁሺካ በእግሬ፣ ከማላውቀው ሕዝብ ጋር፣ ማንም ሳይጋፋኝ ሌሊት ገባሁ። ባለሱቆች በራቸው ላይ «መጸዳጃ ቤት መጠቀም ይቻላል» ብለው ጽፈው ነበር፤ አንዲት ሴት ትኩስ ሻይ በእጄ አስያዘችኝ። ስለዚህ ከቦርሳሽ ውስጥ ውኃ፣ ከአልጋሽ ሥር ጠፍጣፋ ጫማና የእጅ ባትሪ አይጥፋ። ስልክሽ ድንገት በማታውቂው ድምፅ ከጮኸ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፤ ሮጠሽ አትውጪ።

የሕዝብ መታጠቢያ ቤትም እወስድሻለሁ። ሴንቶ የሚሉት የሰፈሩ ነው፤ መጀመሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ሳሙናሽን አጥርተሽ ታጥበሽ ነው ገንዳው ውስጥ የምትገቢው። ማፈርሽ አይቀርም፤ እኔም አፍሬ ነበር፤ አሮጊቶቹ ጀርባሽን ልጠብሽ ሲሉሽ ይለቅሻል። ፍል ውኃ ወዳለበት ከተማ ስትሄጂ ግን ንቅሳት ያለውን ሰው የማያስገቡ አሉ፤ እዚህ አገር ንቅሳት ከወሮበሎች ጋር የተያያዘ ነው። እናቴ ያስነቀሰችኝን የአንገቴን መስቀል አይተው አንድ ቦታ መልሰውኛል። ሆዴ ባባ፤ ግን ደንባቸውን ከነምክንያቱ ከተረዳሁ በኋላ በፕላስተር እየሸፈንኩ እገባለሁ።

ዮፁጊ በሚባለው ሰፈር በኩል ሐበሻ በርከት ብለን ነው የምንኖረው፤ በዓል በዓልን አብረን እናልፋለን፤ ዶሮ ወጥም አታጪም። ቢሆንም ቅዳሜሽን ሁሉ ከእኛ ጋር አትጨርሺው። ቋንቋውን የምታገኚው ከእነሱ ጋር ስትወጪ ነው። በደረስሽ ሰሞን ሳኩራ የሚሉት የቼሪ ዛፍ ያብባል፤ የአበባው ዕድሜ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። ሰዉ ዛፍ ሥር ሸራ ዘርግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ምሳውን ይዞ ይቀመጣል። ሚዙሞቶ መናፈሻ ለእኛ ቅርብ ነው። የክፍልሽ ልጆች «እንሂድ» ካሉሽ ፈተና አለብኝ አትበይ።

ስትመጪ ሥጋ ነክ ነገር አትያዢ፤ ቋንጣ ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ይወስዱብሻል። ሌላውን ሳትደብቂ ለጉምሩኩ አሳዪ።

ናሪታ መጥቼ እቀበልሻለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ልወስድሽ አልመጣም፤ ራስሽ ባቡር ይዘሽ ሺባማታ ጣቢያ ነይ። ጣቢያው ፊት ለፊት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ሰው ሐውልት አለ። ቶራ-ሳን ይባላል፤ ዮጂ ያማዳ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ በሠራቸው ፊልሞች ላይ ከአገር አገር የሚዞር፣ በየጊዜው ወደዚህ ሰፈር ብቅ ብሎ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። ለዓመታት ብቻውን ቆሞ የሚያየውን ሳላውቅ በፊቱ አልፌያለሁ። በፈረንጆች 2017 ከወዲያ በኩል የእህቱን የሳኩራን ሐውልት አቆሙለት፤ ስትሸኘው። እኔን ስትሸኝ እናትሽ ቦሌ ላይ እንዲህ ነበር የቆመችው።

በሁለቱ ሐውልቶች መካከል ከጠዋቱ 4 ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ በእነሱ አቆጣጠር 10 መሆኑ ነው። ወደ ሰፈሩ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በሚወስደው መንገድ ዳንጎ ይሸጣሉ። የሩዝ ዱቄትና ቅጠል ነው፤ ላዩ ላይ የጣፈጠ ቀይ ባቄላ ያደርጉበታል። የጾም ነው፣ አጣርቻለሁ።