«ምንም አልነካሁትም»

 

የዛሬው ነገር የሚነሳው ከአንድ አሮጌ ሳይክል ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ሳይክሉን እኔ ዘንድ አስቀመጠ። «አማና ነው» አለኝ፤ ተቀበልኩት። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ለተማሪውም ለሠራተኛውም እግር ነው። ብነዳው ይጠቅመኝ ነበር። ግን የሰው ንብረት ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩበትም። ዕቃ ቤት ግድግዳ አስደግፌ፣ ሸራ አልብሼ ተውኩት። ስድስት ዓመት።

ከዚያ አንድ ቀን ደወለ። «ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ ትምህርት ቤቱ ይርቀዋል። ሳይክሉን ስጠው» አለኝ። እኔም ኩራት እየተሰማኝ «እንደሰጠኸኝ ነው፤ ምንም አልነካሁትም» አልኩት።

ሸራውን ስገልጠው ሁለቱም ጎማዎች ተንፍሰው ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሷል። ካቴናው በዝገት ቀልቷል። ልጁ ግን ደስታው ሌላ ነበር፤ መንፊያ ይዞ ነው የመጣው። «ኡስታዝ፣ ነፍቼው ልሂድ?» ይለኛል። ደግነቱ መንፊያው አልሠራ አለና ሳይክሉን እየገፋን ሰፈራችን ወዳለው ጠጋኝ ሄድን።

ሽማግሌ ናቸው። ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ጎኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳዩኝ። ከዚያ ፍሬኑን ጨበጡና ሳይክሉን ወደፊት ገፉት። መንኮራኩሩ ምንም እንዳልተነካ መሽከርከሩን ቀጠለ። ስድስት ዓመት የቆመ ሳይክል መቆም አቅቶት ነበር። «ይሄኮ በመንዳት አይደለም የተበላሸው» አሉኝ፤ «በመቀመጥ ነው።»

ነገሩን አስረዱኝ። ከከመነዳሪው ውስጥ አየር፣ ሳይክሉ ባይነዳም፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ጎማው ሲተነፍስ ክብደቱ በሙሉ አንዲት እጥፋት ላይ ያርፍና ላስቲኩ እዚያው ይሰነጠቃል። የኩሽኔታው ግራሶ ይደድራል። የፍሬኑ ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ ይዝጋል። የፍሬኑ ላስቲክ ደግሞ ይደርቅና ቸርኬውን መያዝ ትቶ ይንሸራተታል። አልፎ አልፎ ጎማውን መንፋት፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት፣ ከመሬት አንስቶ መስቀል፤ ይኸው ነበር የሚፈልገው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አማናን ለባለቤቱ መመለስ ቁርኣን ያዘዘው ነገር መሆኑን ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ! የኢማም አን-ነወዊን «ሚንሃጅ» ስንቀራ ስለ ወዲዓ፣ ማለትም ሰው ዘንድ ስለሚቀመጥ ንብረት፣ ያለፍነው ምዕራፍ ትዝ አለኝ። ጠባቂው ታማኝ ነው፤ ያለ ጥፋቱ ለጠፋ ነገር አይጠየቅም። ግን አማና የተሰጠውን እንስሳ ሳይቀልብ ቀርቶ ቢሞት ይጠየቃል፤ እንስሳውን ባይመታውም። የሱፍ ልብስ ከሆነ ብል እንዳይበላው ነፋስ ላይ ማስጣት አለበት። እንዲያውም መልበስ ከሆነ የሚያድነው፣ ይልበሰው ይላሉ። በመድረሳ ዘመኔ ይህችን ቦታ ፈገግ ብዬ ነበር ያለፍኳት። የሰውን ልብስ ለባለቤቱ ሲባል መልበስ!

አትሳሳቱ፤ የሰውን አማና ያለ ፈቃዱ ለራስ ጥቅም ማዋል ወሰን ማለፍ ነው። ስለዚህ አለመንዳቴ ብቻውን ጥፋት አልነበረም። ግን ለዒድ በተደዋወልን ቁጥር «ሳይክልህ ቆሞ እያረጀ ነው፤ ልንዳልህ ወይስ ልሽጥልህ?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ለምን አላልኩም? እውነቱን ልንገራችሁ፦ ስላልነካሁት ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያ ስሜት ምቹ ነው፤ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ማየት አይጠይቅም።

ምን ያህሎቻችን ነን «ከአክስቴ ጋር አልተጣላሁም» የምንል? ልክ ነው፣ አልተጣላችሁም። መጨረሻ የደወላችሁላት መቼ ነው? ዝምድናም ያለ ጠብ ይዝጋል። በልጅነታችን የሐፈዝነው ጁዝእም እንዲሁ፤ ማንም አልቀማንም።

አንዳንዱ «ታዲያ ሰው ስንቱን ይከታተላል?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሁሉንም መሸከም የማይችል ሰው አማናውን መጀመሪያውኑ አለመቀበል ይችላል፤ ከተቀበለ በኋላም «አልቻልኩም፣ ውሰደው» ማለት አለ። እኔ ግን ሁለቱንም አላደረግኩም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ምንም አልነካሁትም ያልኩህ እውነት ነው፤ የተበላሸውም በዚያ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ተወው» አለኝ። አመሰገንኩት፤ የጎማውንና የፍሬኑን ግን ራሴ ከፈልኩ። አውፍ መባሌ ልጁ መንገድ ላይ ሲደርስ ፍሬን አይሆነውም።

ዕቃ ቤት ሳይክል ያላችሁ፣ ነፍታችሁ ብቻ እንዳትወጡ። ጎማው ከተሰነጠቀ ይቀየር። ደህና ከሆነ ግማሽ ድረስ ንፉትና ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዩ፤ ከዚያ ሙሉት፣ አሳድሩትና ጠዋት መተንፈስ አለመተንፈሱን ተመልከቱ። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀጭን ዘይት ቀቡ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ አንድ ተማሪዬ ሞክሮት ካቴናው አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ሆነ። ዘይቱ ቸርኬውንና የፍሬኑን ላስቲክ እንዳይነካ።

ሽማግሌው ሥራቸውን ሲጨርሱ ልጁ ወዲያው ሊወጣበት እግሩን አነሳ። እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው አስቆሙት። «መጀመሪያ በእጅህ ገፍተህ ያዘው» አሉት። ገፋው፤ ፍሬኑን ጨበጠ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ትንሽ ተነሳ። «አንዴ ድገመው» አሉት።